ለእናቴ የሙቀት ጊዜ ሽቲ ልሰፋ ነው፦ ጨርቁ፣ ልኬቱ፣ አንገቱ

ሰብለ ዘሜሪላንድ

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ከድሬዳዋ መጥታ እኔ ጋ ሲልቨር ስፕሪንግ ናት። እዚህ በሐምሌ ሙቀቱ ከነእርጥበቱ ነው የሚመጣው። ማታ እንኳ አይቀዘቅዝም። ይዛቸው የመጣችው ሽቲዎች፣ እነዚያ የድሬ ሴቶች በሙቀት የሚለብሷቸው ሰፋፊ ስስ ቀሚሶች፣ በመታጠብ ብዛት ሳስተዋል። በኢንተርኔት የማያቸው ደግሞ ብዙዎቹ ፖሊስተር ናቸው። እሷ ፖሊስተር ከለበሰች አንገቷና ብብቷ ይቀላል፣ ያሳክካታል።

ስለዚህ እኔው ልሰፋላት ወስኛለሁ። ትንሽ የስፌት መኪና አለኝ። ቀጥታና ዚግዛግ ይሰፋል። ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ እንዳይተረተር የሚሰፋው መኪና) የለኝም። ሱሪ አሳጥራለሁ፣ መጋረጃ እሰፋለሁ። ልብስ ግን ከሙሉ ጨርቅ ቆርጬ አላውቅም።

ቁመቷ 1 ሜትር ከ62 ነው። ዳሌዋ ዙሪያውን 112 ሳንቲ ሜትር። ቀኝ ትከሻዋን ያማታል፤ እጇን ወደ ላይ አንስታ ልብስ ማጥለቅ ይከብዳታል። ስንት ሜትር ልግዛ? ምን ዓይነት ጨርቅ? ፓተርን (ጨርቅ የሚቆረጥበት የወረቀት ቅርጽ) የግድ ነው? ከሁሉም በላይ ደግሞ አንገቱን እንዴት ነው የምቆርጠው? የሚያውቅ ይርዳኝ።

የከዚራዋ

አቦ ሰብልዬ እንኳን ጠየቅሽ! ሽቲ ለመስፋት ፓተርን የሚባል ነገር አያስፈልግም። አንድ ወጥ ጨርቅ ነው። ትከሻው ላይ ይታጠፋል፣ አንገት ይወጣለታል፣ ጎንና ጎኑ ይሰፋል፣ አለቀ። ሶማሌ ጎረቤቶቻችን ባቲ የሚሉትም አሰፋፉ ከዚህ ብዙ አይለይም።

እኛ እዚህ በግንቦትና በሰኔ ሌላ ልብስ ሰውነታችን ላይ አናስጠጋም። ጨርቁን ከድሬ ገበያዎቻችን፣ ከታይዋን ወይም ከቀፊራ፣ ገዝተን እናሰፋለን። አንቺ ጨርቁን ከመረጥሽ ግማሹን ሥራ ጨርሰሻል።

ስሚኝ፦ 100 ፐርሰንት ጥጥ። ስስ ይሁን፣ ግን ብርሃን ላይ ሲይዙት እጅሽ ሙሉ በሙሉ የሚታይ ከሆነ የውስጥ ጉርድ ይፈልጋል። ያ ደግሞ ሙቀቱን ይጨምረዋል። ፖፕሊን ከሆነ ቀጭኑን ውሰጂ። ወፍራሙ ፖፕሊን ደርቆ ይቆማል፣ ገላ ላይ አይወርድም።

ሻጩ "ጥጥ ነው" ስላለሽ ብቻ አትመኚ። ከጨርቁ ዳር ክር መዝዘሽ በክብሪት አቃጥዪው። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ ብን የሚል አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ይቀልጣል፣ ይኮማተራል፣ ጫፉ ላይ ጠጠር ያለች ጥቁር ነገር ትቀራለች። የፕላስቲክ ሽታም አለው። ቅልቅል ከሆነ ሁለቱንም ታያለሽ፤ ይነድና ጫፉ ይጠነክራል። እሱን ለክረምት ተይው።

ሚሚ ቨርጂኒያ

ስለ ጨርቅ መግዣ ልጨምር። ጆአን የሚባለው የጨርቅ መደብር እ.ኤ.አ. በ2025 ሱቆቹን በሙሉ ከዘጋ ወዲህ እዚህ አካባቢ ጨርቅ በእጅ ዳብሶ መግዛት ከብዷል። ያላሰብሽውን ነገር ልጠቁምሽ፦ አንሶላ። መቶ በመቶ ጥጥ የሆነ የአንድ ሰው አልጋ ላይኛው አንሶላ 168 በ244 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ላስቲክ ያለውን የታችኛውን ሳይሆን ጠፍጣፋውን። "ፐርኬል" የሚል የተጻፈበትን ምረጪ፤ ሽመናው አየር ያስገባል። "ሳቲን" የሚለው ጥጥም ቢሆን ገላ ላይ ይለጠፋል።

244 ሲታጠፍ 122 ነው። ለአጭር ሰው ቁርጭምጭሚት አካባቢ፣ ለእናትሽ ደግሞ ከቁርጭምጭሚቷ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀራል። የትልቁ አልጋ ("ኪንግ" የሚባለው) አንሶላ ከሆነ ግን በቂ ቁመት ታገኚበታለሽ። አንሶላ ደግሞ ብዙ ጊዜ የታጠበ ከሆነ ይበልጥ ጥሩ፤ ለስልሷል፣ የሚያጥረውንም አጥሮ ጨርሷል።

ሰብለ ዘሜሪላንድ

ሚሚዬ አንሶላውን በፍጹም አላሰብኩትም ነበር። የመጀመሪያውን በእሱ እለማመዳለሁ። ሁለተኛውን አበባ ባለው ጨርቅ። እማዬ አበባ የሌለው ሽቲ ሽቲ አይመስላትም።

መኪና ግርግር

ልጄ ሰብለ፣ እናትሽን ሰላም በይልኝ። እኔ ሐረር ጀጎል ውስጥ በመኪና ግርግር ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝ። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ እንደሆነ የሐረር ልጅ ሁሉ ያውቃል። እዚያ ሴቶች ጨርቅ ገዝተው ይመጡና አጠገባችን ቆመው ያሰፋሉ። ሽቲ ከሆነ ወሬያቸውን ሳይጨርሱ ይደርስላቸዋል። እና አትፍሪ፣ በዝርዝር ልንገርሽ።

መጀመሪያ ቁመት። እናትሽን ቀጥ አድርገሽ አቁሚ። ሜትሩን አንገትና ትከሻ ከሚገናኙበት አስጀምረሽ በጡቷ ላይ አሳልፈሽ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ልኪ። በእሷ ቁመት 132 ሳንቲ አካባቢ የሚመጣ ይመስለኛል፤ አንቺ ግን በራሷ ላይ ልኪ። ለታችኛው እጥፋት 5 ጨምሪ፣ 137። ፊትና ጀርባ ስለሆነ እጥፉ 274 ነው።

አዲስ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት በየ100 ሳንቲው እስከ 5 ሳንቲ ሊያጥር ይችላል። ስለዚህ 3 ሜትር ይበቃል፣ ግን 3 ሜትር ተኩል ግዢ። ትርፉ ለኪስና ለአንገት መጠቅለያ ይሆንሻል። ሳትቆርጪ በፊት እጠቢው። ልብሱን ወደፊት በምታጥቢበት መንገድ እጠቢው፤ ማድረቂያ ማሽን የምትጠቀሚ ከሆነ ማድረቂያው ውስጥም ይግባ። ከዚያ ተኩሺው። ያልተተኮሰ ጨርቅ ልኬት ይዋሻል።

ወርዱን በተመለከተ፦ 115 ሳንቲ ወርድ ያለው ጨርቅ ካገኘሽ ምንም አትቁረጪ። የጨርቁ ዳርና ዳር ከፋብሪካው ተጠናቆ ስለመጣ አይተረተርም። ጎኖቹን እዚያው ዳሩ ላይ ትሰፊያለሽ፤ ኦቨርሎክም አያስፈልግሽም። ዙሪያው 230 ይሆናል ማለት ነው። "ዳሌዋ 112 ነው፣ ይህ ሁሉ ለምን?" ትይ ይሆናል። ሽቲ የሚያቀዘቅዘው በስፋቱ ነው። ስትራመድ ጨርቁ ይወዛወዛል፣ አየር ከታች ይገባና በአንገትና በእጅጌ ይወጣል። ሰው ሁሉ "አጥብብልኝ" ይለኛል። አጥብቤ ስሰጥ ልብሱ ገላ ላይ ይጣበቃል፤ ያኔ ጥጥ መሆኑም ብዙ አይረዳም።

ወርዱ 150 ከሆነ ግን ለእናትሽ ቁመት ይበዛል። ከአንድ ጎን 30 ሳንቲ በቁመቱ ቁረጪለት።

አሁን አንገት። ጨርቁን መጀመሪያ በቁመቱ እጠፊው፤ እጥፋቱ ትከሻ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ። እኩል እኩል አትጠፊው። ጡትና ሆድ ጨርቅ ስለሚስቡ የፊቱ ጫፍ ከፍ ይላል፣ ልብሱ ከፊት ያጠረ ይመስላል። ፊቱን ከጀርባው 4 ሳንቲ አስረዝሚው። በመጨረሻ ታችኛውን ጫፍ ስታጥፊ ጎንና ጎን ላይ የምትተርፈውን በጥምዝ ትቀንሻታለሽ።

ከዚያ በወርዱ እጠፊው። አሁን አራት ድርብ ሆኗል። ሁለቱ እጥፋቶች የሚገናኙበት ማዕዘን የአንገቱ መሐል ነው። ከማዕዘኑ በትከሻው እጥፋት ላይ 9 ሳንቲ ምልክት አድርጊ። በሌላው እጥፋት ላይ 2 ሳንቲ ወደ ታች። ሁለቱን በጥምዝ አገናኝተሽ አራቱንም ድርብ ቁረጪ። ይህ የጀርባው አንገት ነው። አሁን የትከሻውን እጥፋት ክፈቺና ፊቱን ብቻ አውጥተሽ ጥልቀቱን ወደ 12 ሳንቲ አውርጂው። ምልክት ለማድረግ የደረቀ ቀጭን ሳሙና ይበቃል፤ ሲታጠብ ይጠፋል።

እንደ ቆረጥሽ፣ ምንም ሌላ ነገር ሳትሠሪ፣ ከጠርዙ ግማሽ ሳንቲ ገባ ብለሽ ዙሪያውን አንድ ቀጥታ ስፌት አሳልፊበት። ክብ የተቆረጠ ጨርቅ ሲያነሱት ሲጥሉት ይለጠጣል። ያቺ ስፌት ትይዘዋለች።

ስለ ትከሻዋ ሕመም ለብቻው እመለሳለሁ፤ ሰው መጣብኝ።

ቤዛ አዲስ

ጋሼ በጣም እናመሰግናለን። አንድ ነገር ግን ጥርጣሬ አለኝ። 9 ሲደመር 9 ወርዱ 18፣ ጥልቀቱ 12 ነው። ወረቀት ላይ ስዬ በክር ስለካው ዙሪያው 52 ሳንቲ ገደማ መጣልኝ። የእኔ ጭንቅላት 57 ነው። አይገባም እኮ!

መኪና ግርግር

ጎበዝ! ወረቀት ላይ ስሎ መለካት ጥሩ ሰፊ የሚያደርገው ነገር ነው። ቁጥርሽም ልክ ነው። ግን የተቆረጠው አንገት የመጨረሻው አንገት አይደለም። መጠቅለያውን ከጠርዙ 1 ሳንቲ ገብተሽ ትሰፊና ወደ ውስጥ ትገለብጪዋለሽ። ያኔ አንገቱ በሁሉም አቅጣጫ በ1 ሳንቲ ይሰፋል። ዙሪያው ደግሞ በ6 ሳንቲ ገደማ ይጨምራል። 52 የነበረው 58 ሆነ። ጭንቅላትሽ ይገባል።

ስለዚህ ማንም ሰው መጀመሪያ ጭንቅላቱን ይለካ፣ ከዚያ 6 ይቀንስ፣ ያንን ይቁረጥ። ሻሽ አስራ ልብስ የምታጠልቅ ሴት ሻሿን እንዳሰረች ትለካ። አንገት አሳንሶ መቁረጥ ነው። የጠበበን ማስፋት ይቻላል፤ የሰፋን ማጥበብ ግን የለም።

ሊዲያ ዱባይ

እኔ መኪና የለኝም፤ የምኖረውም ክፍል ተጋርቼ ነው። በእጅ ብሰፋው ይይዛል?

የከዚራዋ

ሊዱዬ እንዴታ! አያቶቻችን በእጃቸው አልነበር የሚሰፉት? ወደ ፊት ብቻ እየነደፍሽ አትሂጂ። መርፌውን አውጥተሽ ግማሽ መንገድ ወደኋላ ተመለሺና ወግተሽ እንደገና ወደፊት አውጪው። እያንዳንዱ ስፌት የፊተኛውን ይደርባል። በ3 ሚሊ ሜትር ርዝመት ከሄድሽ ከመኪና አያንስም።

ክሩን ከክንድሽ ርዝመት በላይ አትቁረጪው። ረጅም ክር ይጠላለፍና ቁጭ ብለሽ ቋጠሮ ስትፈቺ ታመሻለሽ። ሽቲ ደግሞ ለእጅ ስፌት የተመቸ ነው፤ ረጅም ስፌቱ ሁለቱ ጎኖች ብቻ ናቸው። ከክፍል ጓደኛሽ ጋር እያወራሽ አንዱን ጎን አንድ ማታ፣ ሌላውን በማግሥቱ ትጨርሺዋለሽ።

ሊዲያ ዱባይ

እሺ የኔ እናት፣ አመሰግናለሁ። ጨርቅ እዚህ ሞልቷል፣ የጠፋው ጊዜ ነው። ዓርብ ዕረፍቴ ነው፣ እጀምረዋለሁ።

መኪና ግርግር

ተመልሻለሁ። ስለ እናትሽ ትከሻ።

እጇን ማንሳት ካልቻለች ልብሱን ከላይ ማጥለቋን ተይው። ከታች ትግባበት። ደረቱ ላይ ከአንገቱ መሐል ወደ ታች 35 ሳንቲ ስንጥቅ አውጪለት። አንገቱ 58 ነው። ስንጥቁ በግራና በቀኝ ሲቆጠር 70 ይጨምራል። በድምሩ 128 የሚሆን መግቢያ አገኘሽ። ዳሌዋ 112 ነው፣ በደንብ ያልፋል። አልጋ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታስገባለች፣ ትቆማለች፣ ወደ ላይ ትጎትተዋለች። ከዚያ ቀኝ እጇን አስቀድማ ታስገባለች። ስታወልቅ ደግሞ በተቃራኒው፣ ጤነኛው እጅ መጀመሪያ ይወጣል፣ የታመመው መጨረሻ።

ስንጥቁን እንዲህ አውጪው። 10 ሳንቲ ወርድ፣ 40 ሳንቲ ቁመት ያለው ቁራጭ አዘጋጂ። የልብሱ መሐል ላይ መልካሙን ፊት ከመልካሙ ፊት አጋጥመሽ አስቀምጪው። መሐሉ ላይ ቀጥታ መስመር በሳሙና አስምሪ። ከመስመሩ ግማሽ ሳንቲ ርቀሽ ወደ ታች ሰፍተሽ ጫፉ ላይ ሹል አድርገሽ ዙሪና ተመለሺ። አሁን መስመሩን እስከ ሹሉ ድረስ ቁረጪ፤ ክሩን እንዳትነኪ። ቁራጩን ወደ ውስጥ ገልብጠሽ ተኩሺ። የተጣራ ስንጥቅ ይወጣልሻል። መዝጊያው ትንንሽ ቁልፍ ከክር ማቆያ ጋር ይሁን። የጣት ሕመም ካለባት ደግሞ በጨርቅ ማሰሪያ ይሻላል።

እጅጌውን ከትከሻው እጥፋት ወደ ታች 32 ሳንቲ ክፍት ተይው። ከዚያ በታች ጎኑን እስከ ጫፍ ስፊ። ስፌቱ የሚጀምርበት ቦታ፣ ብብቱ ስር ያለችው ነጥብ፣ የሽቲ ሁሉ ደካማ ቦታ ናት። እጅ በተዘረጋ ቁጥር ትጎተታለች። እዚያ ላይ ወደፊትና ወደኋላ ደጋግመሽ ስፊ፤ ከውስጥ በኩል ደግሞ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጨርቅ ደርቢበት። ይህን የማያደርግ ሰፊ ደንበኛው በወሩ ይመለስበታል።

ቤዛ አዲስ

እኔ ደግሞ ለውጪ የሚለበስ እፈልጋለሁ። በዓመት ዕረፍቴ አዋሽና ድሬ ልሄድ ነው። ሽቲ ደስ ይለኛል ግን ቅርጽ የለውም። ወገቡ ላይ ላስቲክ ባስገባስ? ወይም ጎኑን ዚፕ አድርጌ ልክ በልክ?

የከዚራዋ

ቤዚ፣ ድሬ በሽቲ ገበያ ይወጣል እኮ። ማንም ዞሮ አያይሽም። የሚያዩሽ በሙቀቱ መሐል ልክ በልክ ለብሰሽ ስታልቢ ነው። ሻሽ ጣል አድርጊበት፣ አምረሽ ትሄጃለሽ።

መኪና ግርግር

ልጄ ቤዛ፣ ላስቲኩን አልመክርሽም። ላብ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ማታ ስታወልቂ ወገብሽ ዙሪያውን ቀልቶ ታገኚዋለሽ። ዚፕም ለዚህ ልብስ ባዕድ ነው፤ ስስ ጥጥን ያኮማትረዋል።

ወገብ ካስፈለገ ማሰሪያ አድርጊ። ከዚያው ጨርቅ 5 ሳንቲ ወርድ፣ 80 ሳንቲ ርዝመት ያላቸው ሁለት ማሰሪያዎች ቁረጪ። አጥፈሽ ሰፍተሽ የወገብሽ ቁመት ላይ፣ ከመሐል በግራና በቀኝ 25 ሳንቲ ራቅ አድርገሽ ፊቱ ላይ ትከያቸው። ወደ ኋላ ይታሰራሉ። ፊቱ ቅርጽ ይይዛል፣ ጎኑ ልቅ ስለሆነ አየሩም አይቋረጥም። ሲሞቅሽ ትፈቺዋለሽ።

ከነታንያ

ሰላም። እዚህ ነታንያ ባሕሩ ዳር ነን፣ የነሐሴ እርጥበት ሰው ያዝላል። በቪስኮስም (ከእንጨት በሚወጣ ክር የሚሠራ ጨርቅ ነው) በጥጥም ሰፍቻለሁ። ቪስኮስ ቀዝቀዝ ይላል፣ በደንብም ይወርዳል። ግን ሲረጥብ ይሳሳል፣ አጠንክሮ ማሸት አይወድም። ሰብለ እናትሽ በእጅ የምታጥብ ከሆነ ጥጥ ይሻላል። ሌላው፣ የክብሪቱ ፈተና ቪስኮስን ከጥጥ አይለይም። እሱም እንደ ወረቀት ነው የሚነደው። ክሩን በምራቅ አርጥበሽ ጎትቺው፤ ቪስኮስ እርጥቡ ቦታ ላይ ቶሎ ይበጠሳል፣ ጥጥ ግን እርጥብ ሆኖ ይበረታል።

ፖሊስተር ለምን እንደሚያሞቅ ደግሞ ልጨምር፦ ጥጥ ከአየር ብቻ የክብደቱን 7 ወይም 8 ከመቶ እርጥበት ይይዛል። ፖሊስተር 1 ከመቶ እንኳ አይደርስም። ላቡ ገላሽ ላይ ነው የሚቀረው።

ሰብለ ዘሜሪላንድ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአንሶላውን ቆርጫለሁ። አንገቱ ጋሼ እንዳሉት ነው የወጣው። አሁን ግን መኪናው አስቸገረኝ። ከላይ ስፌቱ ያምራል። ከታች ስገለብጠው ክሩ ተንዘላዝሎ ቀለበት ቀለበት ሠርቷል። የታችኛውን ክር ደጋግሜ አስተካከልኩ፣ ለውጥ የለም።

አበባ ያለው ጨርቅም ገዝቻለሁ፤ ተቃጥሎ ተፈትኗል። አበቦቹ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የቆሙት። ችግር አለው?

ዮናስ መካኒክ

ስፌት አልሰፋም፣ የስፌት መኪና ግን እጠግናለሁ። ቀለበቱ የሚታየው ከታች ከሆነ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ክር ነው። የታችኛውን አትንኪው። የላይኛውን ክር ሙሉ በሙሉ አውጪ። ጨርቁን የሚጫነውን እግር ወደ ላይ አንሺ። ከዚያ ክሩን እንደገና አስገቢ። እግሩ ወርዶ ከነበረ ክር የሚያጠብቁት ሁለቱ ሳህኖች ተጋጥመው ተዘግተዋል፤ ክሩ በመሐላቸው ሳይገባ በላያቸው ያልፋል። ስለዚህ የሚይዘው ነገር የለም፣ ወደ ታች ይዘረገፋል።

መርፌውንም ቀይሪ። ለስስ ጥጥ 70 ወይም 80 ቁጥር። ለሱሪ የተጠቀምሽበት ከሆነ 100 ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ ስስ ጨርቅ ላይ ቀዳዳ ይተዋል። የስፌቱን ርዝመት 2.5 ላይ አድርጊው። አዲሱን ልብስ ከመንካትሽ በፊት በቁራጭ ላይ ሞክሪ።

ሰብለ ዘሜሪላንድ

ዮናስ ተባረክ! እግሩን አንስቼ ክሩን ሳስገባው ወዲያው ተስተካከለ።

መኪና ግርግር

አበባው ወደ አንድ አቅጣጫ የቆመ ከሆነ አንድ ወጥ አድርገሽ አትጠፊው። ትከሻ ላይ ሲታጠፍ ፊቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ጀርባው ላይ ግን አበባው ሁሉ ተዘቅዝቆ ይታያል። ጨርቁን ከሁለት ቁረጪው። የፊቱን 4 ሳንቲ ማስረዘም እዚህም አትርሺ፣ ለትከሻው ስፌት ደግሞ ለእያንዳንዱ 1 ሳንቲ ተኩል ጨምሪ። ሁለቱም አበባ ወደ ላይ እንዲያይ አድርገሽ ትከሻውን ግጠሚ።

እዚህ ላይ የተቆረጠ ጠርዝ ስለሚኖርሽ፣ ኦቨርሎክም ስለሌለሽ፣ ስፌቱን በስፌት ውስጥ ደብቂው። መጀመሪያ የጨርቁን የውስጥ ፊት ከውስጥ ፊት አጋጥመሽ ግማሽ ሳንቲ ስፊ። የተንጨፈረረውን ክር ከርክሚው። ገልብጪና መልካሙን ፊት ከመልካሙ አጋጥመሽ አሁን 1 ሳንቲ ገብተሽ ስፊ። ጠርዙ ታሽጎ ቀረ። ከውስጥም ከውጪም ንጹሕ ነው፣ ቆዳዋንም አይፈገፍጋትም።

ለአንገቱ መጠቅለያ 30 በ30 የሆነ ቁራጭ ወስደሽ ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ ቁረጪው። ወርዱ 4 ሳንቲ ይሁን። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ይለጠጣል፣ ጥምዙን ተከትሎ ይተኛል። በቀጥታ የተቆረጠ ግን ይኮማተራል፣ አንገቱም ይቆማል። አንዱ ስለማይበቃሽ ሁለቱን ቀጥይ። ሰፍተሽ ከመገልበጥሽ በፊት ጠርዙን በመቀስ ጫፍ በየ2 ሳንቲው ንኪው፤ ስፌቱ ጋ ሳትደርሺ። ከዚያ በካውያ።

ሚሚ ቨርጂኒያ

ኪሱን ጎን ስፌት ላይ እንዳትሠሪው። ሽቲው ሰፊ ስለሆነ የጎኑ ስፌት ከገላዋ ይርቃል። ስልክ ስትከትበት ልብሱን ወደ አንድ ጎን ይጎትተዋል። ፊት ላይ ተለጣፊ ኪስ ይሻላል፤ 16 በ18 በቂ ነው። ልብሱን አልብሰሻት እጇን ዘና አድርጋ ታውርድ፤ መዳፏ ያረፈበት ላይ በእስፒል ያዢው። እኔ ለእናቴ በሁለቱም በኩል ነው የሠራሁላት። በአንዱ መነጽሯን፣ በሌላው መሐረቧን ትይዛለች።

ሊዲያ ዱባይ

ጎኖቹን ጨርሻለሁ፣ በእጅ! እንደ ከዚራዋ አባባል ወደኋላ እየተመለስኩ። ጎትቼ ሞከርኩት፣ ንቅንቅ አይልም። ጥያቄ፦ ጨርቁ ጥቁር ቀይ ነው፣ ሳጥበው ውሃው ቀላ። ጨው ውስጥ ልዘፍዝፈው? ሰው ጨው ቀለም ያስይዛል ብሎኛል።

መኪና ግርግር

ጨው ፋብሪካ ውስጥ ሲቀለም ሥራ አለው። ተቀልሞ ያለቀ ጨርቅ ላይ ግን የለቀቀውን ቀለም መልሶ አያስይዝም። ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ ውሃው እስኪጠራ ደጋግመሽ አለቅልቂው። ትርፍ ቀለሙ ወጥቶ ሲያልቅ ይቆማል። ጥላ ላይ አስጪው፤ የእናንተ ፀሐይ ቀለም ይበላል።

የከዚራዋ

ሰብልዬ የታችኛውን ጫፍ ከማጠፍሽ በፊት አልብሻት። ቤት ውስጥ በምታደርገው ነጠላ ጫማ ትቁም። መሬት እንዳይነካ፣ ደረጃ ስትወጣ እንዳትረግጠው። ለትልቅ ሰው ሁለት ጣት ከቁርጭምጭሚት ከፍ ቢል ይሻላል። መጀመሪያ 1 ሳንቲ፣ ከዚያ 2 ሳንቲ አጥፈሽ ስፊው። የቀረውን 2 ሳንቲ ለማስተካከያ ትተሽዋልና አትሳሺ።

ሰብለ ዘሜሪላንድ

እማዬ አሁን ለብሳው ሶፋ ላይ ተቀምጣለች። በደረቱ ስንጥቅ ራሷ ገብታ ራሷ ነው የለበሰችው፤ እኔ አልረዳኋትም። "ትከሻዬን ሳልጠራው ለበስኩ" አለችኝ። ጋሼ፣ ሰላምታዎን አድርሻለሁ፣ እሷም አጸፋውን ልካለች።

የአበባው ጨርቅ 58 ሳንቲ ያህል ተርፎኛል፣ በሙሉ ወርዱ። ሦስት ዓመት የሆናት ልጅ አለችኝ፣ ከአያቷ ጋር አንድ ዓይነት ካልለበስኩ ብላ እያለቀሰች ነው። ይበቃል?

የከዚራዋ

የእኔ ቆንጆ! እንዴት አይበቃ!

መኪና ግርግር

ይበቃል። አበባው ወደ ላይ እንዲያይ አድርገሽ 40 ሳንቲ ወርድ ያላቸው ሁለት ቁራጮች በሙሉ ቁመቱ አውጪ። ለትከሻና ለታች እጥፋት ሲቀነስ 53 ይቀራል፤ ለሦስት ዓመት ልጅ ጉልበቷ አካባቢ ይደርሳል። ከወርዱ የሚተርፈው ለኪስ ይሆናል፤ ሕፃን ኪስ ትወዳለች።

የልጅ አንገት ግን ከትልቅ ሰው ይለያል። የሦስት ዓመት ልጅ ጭንቅላት 49 ወይም 50 ሳንቲ ነው፣ ትከሻዋ ደግሞ ጠባብ ነው። ጭንቅላቷን የሚያስገባ ክብ ካወጣሽ ልብሱ ከትከሻዋ ይንሸራተታል። ስለዚህ አንገቱን አሳንሺው፤ ወርዱ 12፣ የፊት ጥልቀቱ 6። ከጀርባ በኩል 10 ሳንቲ ስንጥቅ አውጪና አንድ ቁልፍ አድርጊበት። እጅጌውን 16 ሳንቲ ክፍት ተይላት። ለአንገቱ መጠቅለያ የአበባው ጨርቅ ካልበቃሽ ከአንሶላው የተረፈውን ውሰጂ፤ ነጭ ጠርዝ ያምርበታል።